ያልተለሰነው ግድግዳ

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር በሃያ አንደኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ በወይዘሮ አባይነሽ ሳሎን የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከስልክ ፎቶ ያለ ገመድ ተቀብሎ እንደሚያሳይ ለወዳጅ፣ ለዘመድና ለጎረቤት ሁሉ ተነገረ። ነጋሪት አልተጎሰመም እንጂ የቀረ ወግ አልነበረም። አዋጁን ያስነገረው ልጃቸው ወንድምአገኘሁ ነው። ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ ለማርያም ዝክር ሰው መሰብሰቡ ስለማይቀር በዚያው ቤቱን በትልቁ እናሳያለን አላቸው። እሳቸውም በየደጁ እየዞሩ አደረሱ።

ቤቱን ማለቱ የራሱን ቤት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በማኅበር ተመርቶ የሚያሠራውን። ወይዘሮ አባይነሽ ይህንን ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ በፎቶ ሲያዩት ኖረዋል እንጂ በእግራቸው ረግጠውት አያውቁም። ኮምቦልቻ ደግሞ ባሕር ማዶ አይደለም። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ተጠማዝዞ፣ ተሳፋሪው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ይደርሳል። ልጁ ግን አቧራው ይላል። ሲሚንቶው ለደረትሽ አይሆንም፣ ግድግዳው ይለሰን፣ ቀለም ይቀባ፣ ከዚያ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ ይላል። እሳቸውም እውነትህን ነው ይላሉ።

የደረታቸው ነገር እንኳ ውሸት የለበትም። የጦሳ ተራራ ጉሙን ወደ ከተማው በለቀቀ ቁጥር ደረታቸው እንደ አሮጌ ወናፍ ይነፋል። ከሦስት ዓመት በፊት ያያቸው ሐኪም መድኃኒቱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ እናቴ፣ ከዚህ ሁሉ ኪኒን ቆላ ወረድ ብለው ቢኖሩ ይሻልዎታል ብሏቸው ነበር። በዚያው ሳምንት ወንድምአገኘሁ እርሳስና ወረቀት ይዞ መጣና የቤቱን ንድፍ እፊታቸው ቁጭ ብሎ ሣለ። ሳሎን፣ ማድ ቤት፣ የእሱና የሚስቱ መኝታ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሰፊ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል። በዚያች ክፍል መሃል ላይ «የእማዬ» ብሎ ጻፈ። ወረቀቷ ዛሬም በዳዊታቸው ውስጥ ታጥፋ አለች፤ ዳዊት በደገሙ ቁጥር ትገለጣለች።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አባይነሽ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ያቺን ክፍል ብቻ ሆነ። ሽንኩርት ሲከትፉም በሐሳባቸው የሚከትፉት እዚያ ነው። ለልብስ ሰፊው ለቀለሙ ሦስት ስስ ቀሚስ አሰፉ፤ እጅጌው አጭር፣ ጨርቁ ነጠላ የሚያስንቅ። ቀለሙ እየለካ፣ በዚህ ብርድ ይህንን ለብሰው ሊሞቱ ነው ወይ ቢላቸው፣ «ለኮምቦልቻ ነው» አሉት፣ ኢየሩሳሌም ሊሳለም እንደሚሄድ ሰው ኮራ ብለው። ቀሚሶቹ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ብል እንዳይበላቸው በየወሩ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከራሳቸው ከወይዘሮ አባይነሽ የተሻለ ሞቀዋል።

ቴሌቪዥኑም የመጣው በዚሁ በክፍሉ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ወንድምአገኘሁ በመጣ ቁጥር ፎቶውን በስልኩ ያሳያቸው ነበር። የእሳቸው ዓይን ግን ያቺን ጠባብ መስተዋት አጥርቶ አያይም። የፎቶውን ግድግዳ አሸዋ ነው ይላሉ፣ አሸዋውን ደግሞ በግ ነው ይላሉ። እናቱን ወደ ቤቱ ከመውሰድ ቤቱን ወደ እናቱ ማምጣት ቀለለውና ትልቅ ቴሌቪዥን ሊገዛላቸው ወሰነ። ጎረቤታቸው አብዱልወሀብም ሊገዛ ነበርና አብረው ሄዱ፤ ሁለት ሲወሰድ ነጋዴው ይለሳለሳል። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቴሌቪዥን ገዝተው በአንድ ባጃጅ ጭነው ገቡ። ስልኩ ላይ እንኳ የሁለቱም ስም አንድ ነው። መንታ ወልዶ ሁለቱንም በአንድ ስም የሚጠራ ወላጅ የለም፤ ፋብሪካ ግን አለ።

ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት መጣ ሲሉት የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ወንድምአገኘሁ ግን ይህ ኢንተርኔት የማይለምን ነገር ነው፤ ስልኩና ቴሌቪዥኑ ራሳቸው ለራሳቸው ይነጋገራሉ እያለ ያስረዳ ነበር። ወይዘሮ አባይነሽም፣ ይነጋገሩ፣ ሰው እንኳ መነጋገር ትቷል ብለው ነበር።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይታለፍ። በዚያው ዓመት ኅዳር አሥራ አንድ፣ እሱም እሑድ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ኩታበር ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር የአቶ ስማቸው ዘመድ ሞቶ ነው ተባለ። የወይዘሮ አባይነሽ የንስሐ አባት አባ ወልደ ሚካኤልም ሄዱ። የአብዱልወሀብ ሚስት ለይላም ሄደች። ወይዘሮ አባይነሽ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተነሥተው ነበር፤ የኩታበር ብርድ ለእርስዎ አይሆንም ብለው በአንድ ድምፅ አስቀሯቸው። እሳቸውም ያጽናችሁ በሉልኝ ብለው መልእክት ላኩ። ከዚያ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ሟቹን ባያውቁትም፣ ለቅሶ በሩቅም ለቅሶ ነውና ጥቂት አለቀሱለት። አንድ ነገር ብቻ ሳይገባቸው ቀርቶ ነበር። ለይላ የወጣችው አረንጓዴ ሐር ቀሚሷን ለብሳ ነው። ለለቅሶ አረንጓዴ? ብለው፣ ወዲያው ደግሞ የሰው ልብስ መመርመር የሥራ ፈት ነው ብለው ራሳቸውን ገሠጹ።

እንግዲህ የማርያም ዕለት ደረሰ። አባ ወልደ ሚካኤል ጸሎት አድርሰው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ስማቸው ከጎናቸው። አብዱልወሀብና ሁለት ሙስሊም ጎረቤቶች በመስኮቱ በኩል። ለእነሱ የሚሆነው ድስት እንደ ሰፈሩ ወግ በለይላ ቤት፣ በለይላ እጅ እየተሠራ ነው። ወንድምአገኘሁ ከሚስቱ ከወንጌላዊት ጋር ከኮምቦልቻ ገባ። ልጃቸውን አላመጧትም። ወንጌላዊት እንዳለችው ሕፃኗን ጉንፋን ይዟት ለጎረቤት ትተዋት ነው። ወይዘሮ አባይነሽ ስለ እናቷም ጠየቋት። እናትየው ከሁለት ዓመት በፊት ልጃቸው ስትወልድ አራስ ሊጠይቁ ከወልድያ መጥተው፣ የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን አድርሰው ተመልሰዋል፤ ቢያንስ የሚባለው እንደዚያ ነው። «ደህና ናት እማማ፣ ወልድያ ናት» አለች ወንጌላዊት፣ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች።

ምግብ ቀርቦ ከተነሣ በኋላ ወንድምአገኘሁ ስልኩን አውጥቶ መሃል ቆመ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ። ነካ ነካ አደረገ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆኖ ዝም አለ። እንደገና ነካካ።

«ተገናኝቷል ይላል» አለ።

«ከማን ጋር?» አሉ አባ ወልደ ሚካኤል።

ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው አለ። ቴሌቪዥኑ ግን እንዲያ ያለ ዝምድና እንዳለው አላስታወቀም። አቶ ስማቸው፣ አዲስ ዕቃ እንደ ሙሽራ ነው፣ በሰው ፊት ያፍራል አሉና ሳቅ ሆነ። አብዱልወሀብ ስልክህን አጥፍተህ አብራው አለ። አባ ደግሞ ገመድ የሌለው ነገር ዳርቻው አይታወቅም አሉ። ወንድምአገኘሁ አንገቱን ደፍቶ፣ ምናልባት ፎቶ ሲከፈት ይይዝ ይሆናል በሚል፣ ያንንም ያንንም መክፈት ጀመረ። የፈለጋቸው የግድግዳው ፎቶዎች የቆዩ ስለሆኑ ወደ ታች ብዙ መውረድ ነበረበት።

ወይዘሮ አባይነሽ በዚህ መሃል ለነአብዱልወሀብ ለስላሳ የሚቀዳበት ብርጭቆ እንደሌለ አዩ። ያለው ሁሉ ጠላ የተቀዳበት ነው። ጠላ በነካው ብርጭቆ ለሙስሊም ጎረቤት አይቀዳም። ስለዚህ በጓሮ በኩል አሥር እርምጃ ተራምደው ወደ ለይላ ቤት ገቡ።

ለይላ ሁለተኛ ድስት ጥዳ ማድ ቤት ናት፤ ከዚያው ሆና፣ ቡፌው ክፍት ነው እትዬ፣ የፈለጉትን ያውጡ አለቻቸው። ሳሎኑ ባዶ ነው። በአማርኛ የሚያወራ የቱርክ ድራማ ሲጮህ የሚውለው ቴሌቪዥን ያን ቀን ድምፅ የለውም። ወይዘሮ አባይነሽ አንድ ብርጭቆ አወጡ። ሁለተኛውን ሲያወጡ ቀና አሉ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶዎች በሰልፍ ይወርዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ደግሞ ይወርዳሉ። ከዚያ አንዱ ተከፈተ። ቀለም የተቀባ የብረት በር ነው፤ አባ ወልደ ሚካኤል እደጃፉ ቆመው ጠበል ይረጫሉ። ተዘጋ። ሌላ ተከፈተ። ረጅም ገበታ፣ ጫፉ ላይ አቶ ስማቸው፤ ከረባት አድርገዋል፣ እጃቸው ላይ ሥጋው ያላለቀ አጥንት አለ። ተዘጋ። ቀጥሎ አብዱልወሀብ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ፣ ከኋላው ለይላ በአረንጓዴው ሐር ቀሚስ ሳህን ይዛ ስትስቅ። ግድግዳው ሁሉ ተለስኗል። የሎሚ ቀለም ተቀብቷል።

ስልኩና ቴሌቪዥኑ የድሮ ትውውቅ ነበራቸው። ወንድምአገኘሁ የቤቱን ምርቃት ፎቶ ለጎረቤት ያሳየው፣ በምርቃቱ ማግሥት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ነበር። ዛሬም ስልኩ ከሁለቱ መንትዮች የሚያውቀውን መረጠ፤ አንድ ጊዜ እውነቱን ወደተናገረበት ቤት ሄደ።

አራተኛው ፎቶ ሲከፈት ወይዘሮ አባይነሽ ብርጭቆውን ይዘው ቆመው ነበር። ትንሽ ክፍል ናት። በሰፊ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች። አልጋው ላይ የወንጌላዊት እናት እግራቸውን ዘርግተው፣ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰማንያው ቀን አላለቀም ማለት ነው። ከራስጌያቸው በላይ በወርቃማ ክፈፍ የተሰቀለ ትልቅ ምስል አለ። ቀረብ ብለው አዩት። የራሳቸው የወይዘሮ አባይነሽ ፎቶ ነው፤ የዛሬ አምስት ዓመት ለመታወቂያ የተነሡት፣ ሰው ከሞተ በኋላ አስፍተው እንደሚሰቅሉት ሰፍቶ።

ወደ ክፍላቸውስ ገብተዋል።

ለይላ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። አየች። ሪሞቱን ፈለገች፤ ሪሞት በተፈለገ ጊዜ ተገኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀሚሷን ዘርግታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከእሷ ይሰፋልና በግራና በቀኝ መስኮቱና የአልጋው እግር ታዩ።

«እትዬ፣ ወላሂ ለእርስዎ ብለን ነው» አለች። «ፋሲካ ሳይደርስ ራሴ እነግራታለሁ አለ። አማቱን ከዚያ ክፍል ውጪ ማለት አቃተው። አለቀሰብን።»

ወይዘሮ አባይነሽ ሦስተኛውን ብርጭቆ አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

«እኔም አልቅሻለሁ እኮ፤ ለኩታበሩ ሰውዬ» አሉ።

የለይላ ጭልፋ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸው ስድስት ብርጭቆ ቆጥረው ትሪው ላይ ደረደሩና፣ ይህ ይበቃል፣ ድስቱ እንዳያርርብሽ ብለዋት ወጡ። ለይላም ሪሞቱ አልገኝ ሲላት ጎንበስ ብላ ቴሌቪዥኑን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ጓሮውን ሲያቋርጡ ከታች ከአስፋልቱ የሚኒባስ ጥሩንባ ተሰማ። ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ የሚል ድምፅም ተከተለው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ያ ጥሪ ነበር። ከዚህ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። አንድ ቀን ነጠላቸውን ጣል አድርገው ቢሳፈሩ ኖሮ ማን ይከለክላቸዋል? አቧራ የሚፈራ ሰው ደሴ ላይ ስልሳ ሰባት ዓመት አይኖርም። ያልተሳፈሩበት ምክንያት አቧራው እንዳልነበረ፣ ትሪውን ይዘው እዚያ ጓሮ መሃል ላይ፣ ለራሳቸው አመኑ። ሰው የተዘጋ በር የማያንኳኳው ከውስጥ የሚመልሰው ድምፅ የማን እንደሆነ ሲጠረጥር ነው።

ሲገቡ ወንድምአገኘሁ አሁንም ይነካካል፤ ግንባሩ አልቦታል። ያ ደግሞ ደሴ ነው፤ ጥር ነው። ለስላሳውን ቀዱ። አባ ወልደ ሚካኤል ጉዳዩን በጸሎት ለመዝጋት መስቀላቸውን አወጡ። ማርያም ዝክሯን ትቀበልልን አሉ። አሜን ተባለ። ለእናት የሚያስብ ልጅ ይባረክ አሉ። አሜን ተባለ።

«ያንን የጀመረውን ቤት ፈጽሞ፣ እኛንም ለምርቃቱ ያድርሰን» አሉ አባ፣ በዚያው እጃቸው፣ ጠበሉን በረጩበት።

አሜን ተባለ። አብዱልወሀብም አሚን አለ። ከሁሉ ጮክ ያለው የወይዘሮ አባይነሽ አሜን ነበር፤ ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አያቸው።

ከዚያ ወደ አቶ ስማቸው ዘወር አሉና፣ የረሱትን ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብለው ጠየቁ። «አቶ ስማቸው፣ የዚያ የኩታበሩ ዘመድዎ አርባው አለፈ፤ ሰማንያው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው አይደል? በለቅሶው አስቀራችሁኝ፤ በሰማንያው እንኳ ልድረስ ብዬ ነው።»

አቶ ስማቸው አፋቸው ውስጥ የነበረውን ዋጡ። ወደ አባ አዩ። አባ ወደ መስቀሉ አዩ። «ሰማንያውን እንኳ…» አሉ አቶ ስማቸው፣ «ቤተሰቡ በቤቱ ነው የሚያስበው። ሰው አይጠሩም።»

«ስሙ ማን ነበር? በጸሎት ላስበው እንጂ።»

የእድር ሊቀ መንበር ሆነው ሃያ ዓመት የሰው ስም ሲጽፉ የኖሩት ሰውዬ አንድ ስም አጡ። አብዱልወሀብ የለስላሳውን ብርጭቆ አንሥቶ ውስጡን መመርመር ጀመረ። ወንድምአገኘሁ ስልኩን መነካካት አቆመ፤ ቀና ግን አላለም።

ወይዘሮ አባይነሽ ስሙን አልጠበቁም። ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሁሉም ሰማው፤ ሲዘጋም ሁሉም ሰማው። ሦስቱን ስስ ቀሚሶች እንደተተኮሱ፣ እንደታጠፉ፣ በክንዳቸው ላይ ደርበው መጡና ወንጌላዊት ፊት ቆሙ።

«ይህን ለእናትሽ ውሰጂላት» አሉ። «ያ መስኮት የምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ በጠዋት አልጋው ላይ ነው የምታርፈው፤ በወፍራም ልብስ አይቻልም።»

ወንጌላዊት፣ እናቴ እኮ ወልድያ፣ ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ታላቅ የሰጠውን በሁለት እጅ መቀበል ከልጅነቷ የገባ ልማድ ነውና፣ አፏ ገና ወልድያ ላይ ሳለ ሁለቱ እጆቿ ተዘርግተው ቀሚሶቹን ተቀብለው ነበር።

ቴሌቪዥኑ የያዘው የዚያን ጊዜ ነው። በለይላ ቤት ያለው መንታው ስለተነቀለ ስልኩ የቀረለት ይኸኛው ብቻ ነበርና አገኘው። ያልተለሰነው ግድግዳ ከነአሸዋ ክምሩ፣ ከነመሰላሉ፣ ጥርት ብሎ በትልቁ ታየ። ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።